ሆፕን በክሪስፐር ለማሻሻል፦ ከመቀሱ በፊት ብልቃጡ

ባለፈው ሰሞን አንድ የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ እዚህ ሀዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር አግኝቶኝ «የቢራ ሆፕን በጂን አርትዖት ማሻሻል ፈልጌ ነበር፤ ከየት ልጀምር?» አለኝ። መልሱ ረዝሞ ዓሣው ቀዘቀዘብን። ጥያቄው ከሌላም ሰው መምጣቱ ስለማይቀር፣ ያልኩትን ሰብሰብ አድርጌ ላስቀምጠው።

ወሬው ሁሉ ስለ መቀሱ ነው፣ ክሪስፐር ስለሚባለው ዲኤንኤ ቆራጭ መሣሪያ። ክሪስፐር እንዲህ ቆረጠ፣ ክሪስፐር እንዲያ ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢማኑኤል ሻርፐንቲየና ጄኒፈር ዳውድና ኖቤል የተሸለሙትም በዚሁ መቀስ ነው። ሥራው ውስጥ ስትገቡ ግን መቀሱ ቀላሉ ክፍል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰው የሚያለቅሰው የተቆረጠውን ሴል መልሶ ሙሉ ተክል ሊያደርግ ሲል ነው። ስለዚህ መቀሱን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተቱት።

ተክሉን እንወቀው። ሆፕ ለቢራ፣ ገሾ ለጠላ እንደሚሆነው ነው። የቅርብ ዝምድና ግን የላቸውም። ገሾ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉንና እንጨቱን እንጠቀማለን። ሆፕ ሐረግ ነው፣ ከካናቢስ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ የሚፈለገውም የሴቷ ተክል አበባ ብቻ ነው። አበባው ኮን ይባላል። ቅጠል ቅጠል መሳዩን ገለጥ ስታደርጉት ሥሩ ላይ ሉፑሊን የሚባል ቢጫ ዱቄት አለ፤ መዓዛውም መራራውም እዚያ ነው። መራራውን የሚሰጡት አልፋ አሲዶች እንዲሁ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም። ሲፈሉ ቅርጻቸው ይቀየራል፣ ያኔ ይሟሙና ቢራው ይመርራል። ጠላ ጠማቂ አክስት አለችኝ፤ የሆፕ እንክብል አምጥቼ ሳስቀምሳት ትንሽ አኘክ አድርጋ «ሣር ሣር ይላል፣ መራራነቱ ግን ወንድ ነው» አለች። ከሴቷ ነው የሚገኘው ብላት ሳቋን መግታት አቃታት።

አሁን ለምን አርትዖት? ማዳቀል አይበቃም ወይ? ለሆፕ ማዳቀል አስቸጋሪ ነው። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ተክል ናቸው። ወንዱ ኮን ስለማያፈራ ምን ዓይነት መዓዛ እንደሚያወርስ ዓይታችሁ አትመርጡትም። ደግሞ ካስኬድ የሚባለውን ዝርያ ከሌላ ጋር ብታዳቅሉት የሚወለደው ካስኬድ አይደለም፤ ጂኑ ተበትኖ ሌላ ነገር ይሆናል። ለዚህ ነው አምራቾች ዘር የማይዘሩት፣ ከሥሩ ወይም ከግንዱ ቆርጠው የሚያራቡት። ቢራ ጠማቂው የለመደውን ጣዕም ስለሚፈልግ፣ አንዲት ጂን ብቻ ነክቶ ሌላውን እንዳለ የሚተው ዘዴ ለዚህ ተክል ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ምኑን ነው የምታሻሽሉት የሚል ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

«አልፋ አሲዱን ልጨምር» ካላችሁ ለመጀመሪያ ሥራ ተዉት። ፍላጎቱ ትክክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት በአውሮፓ የሆፕ አልፋ አሲድ በአየር ንብረት ለውጥ የተነሳ እስከ 2050 ከ20 እስከ 31 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮአል። ግን ካስ9፣ የክሪስፐር ቆራጩ ፕሮቲን፣ የሚያውቀው መስበር ነው። ዲኤንኤውን ይቆርጣል፣ ሴሉ ሲጠግን ይሳሳታል፣ ጂኗ ትበላሻለች። አልፋ አሲድ ደግሞ በብዙ ኤንዛይሞች ቅብብል የሚሠራ ነገር ስለሆነ አንዱን ብትሰብሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ለመጨመር ፍሬን ሆና የምትይዘውን ጂን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ያ ራሱን የቻለ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ስለዚህ ስትሰበር የምትጠቅም ጂን ፈልጉ።

እንዲህ ያለች ጂን አለች፣ ታሪኳም እኛው ጋ ይደርሳል። ኤምኤልኦ ትባላለች። ቅጠሉን ዱቄት እንደተነሰነሰበት የሚያስመስለው ሻጋታ፣ ፓውደሪ ሚልዲው የሚሉት፣ ብዙ ተክል ውስጥ የሚገባው በዚህች ጂን በር ነው። ጂኗ ስትበላሽ በሩ ይዘጋል። ገብስ ላይ ይህ በተፈጥሮ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የጀርመን ተጓዦች ሰብስበው የወሰዱት ዘር ውስጥ ነበር፣ ዛሬ ብዙ የአውሮፓ የቢራ ገብስ ያንኑ ተሸክሞ ነው በሽታውን የሚቋቋመው። ከዚያ በኋላ ስንዴና ቲማቲም ላይ በአርትዖት ተሠርቷል። ሆፕም በዚሁ በሽታ ክፉኛ ይጠቃል፣ የዚህች ጂን ዘመዶችም አሉት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ገብስ ላይ ይህች ጂን ስትጠፋ ቅጠሉ ላይ ትንንሽ የሞቱ ነጠብጣቦች ሊወጡ፣ ምርትም ሊቀንስ ይችላል። በነፃ የሚገኝ ነገር የለም።

ለሀዋሳ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፣ የቀን ርዝመት። ሆፕ ረጅም የበጋ ቀን የለመደ የሰሜን ልጅ ነው። ቀኑ ከ15 ወይም 16 ሰዓት በታች ሲወርድ «የብርዱ ወቅት መጣ» ብሎ ያብባል፤ ከዚያ በፊት ግን ቁመቱን ሠርቶ መጨረስ አለበት። እዚህ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7ኛው ዲግሪ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሆፑ ገና ከመሬት ብቅ እንዳለ ብርዱ የደረሰ ይመስለዋል፣ ሳያድግ ያብባል፣ ኮኑም እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጆርጅ በምትባል ከተማ ዙሪያ ይህን ችግር መጀመሪያ በመብራት፣ በኋላ የራሳቸውን ዝርያ በማዳቀል ነው የተወጡት። በአርትዖት ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ አበባን የሚጠሩትን ጂኖች ማዳከም ነው ሐሳቡ። ማዳከም አልኩ እንጂ መግደል አላልኩም፤ ጨርሶ ከገደላችሁት ኮን የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ጂኗን ሳይሆን ከፊቷ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ መነካካት ያስፈልጋል፣ ይህ ደግሞ የጀማሪ ሥራ አይደለም።

ለመማሪያ የምትሆነው ፒዲኤስ የምትባል ጂን ናት። ስትሰበር ተክሉ አረንጓዴነቱን አጥቶ ነጭ ይሆናል። በማሽን መመርመር ሳያስፈልግ ዓይን ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የቼክ ተመራማሪዎች ክሪስፐር ሆፕ ላይ እንደሚሠራ ያሳዩት በዚህችው ጂን ነው። ነጩ ተክል ለምንም አይጠቅምም፣ ግን እጃችሁ መሥራት አለመሥራቱን ይነግራችኋል። ከዚህ ጀምሩ።

ወረቀቱን እዚህ ጋ ላንሳው፣ ኋላ ሰው ይረሳዋል። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው 896/2007 አሉ። አንብቧቸው፣ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ጋር ሆናችሁ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የሆፕ ሥርም በሻንጣ አይመጣም። ቫይሮይድ የሚባሉ ከቫይረስም ያነሱ ተባዮች ምንም ምልክት ሳያሳዩ በሥሩ ውስጥ ተደብቀው ይጓዛሉ፤ የማስገቢያ ፈቃድና ኳራንቲን ግድ ነው። ከተቻለ በብልቃጥ ያደገ፣ ከበሽታ ነፃ መሆኑ የተመረመረ ችግኝ እዘዙ።

መሪውን መንደፍ አንድ ከሰዓት የሚበቃው ሥራ ነው። ካስ9 የት እንደሚቆርጥ የሚነግረው 20 ፊደል (የዘር ኮዱ ፊደል ማለቴ ነው) ያለው መሪ አር ኤን ኤ ነው። ከዒላማው ቀጥሎ ኤን-ጂ-ጂ፣ ማለትም አንድ የፈለገ ፊደልና ሁለት ጂ፣ መኖር አለበት፤ ቆረጣው ከዚያ 3 ፊደል ቀደም ብሎ ይሆናል። ክሪስፖርና ቾፕቾፕ የሚባሉት ድረ ገጾች በነፃ ይሠሩላችኋል፣ የካስኬድ ሙሉ ጂኖምም ታትሟል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ ሆፕ የእያንዳንዷ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። በኮምፒውተር ያያችሁት ፊደል በእጃችሁ ባለው ተክል ውስጥ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ መሪውን ከማዘዛችሁ በፊት ያንን ቦታ ከራሳችሁ ተክል በፒሲአር፣ የዲኤንኤ ቁራጭ በሚያባዛው ዘዴ፣ አባዙና ፊደሉን አስነብቡ። ይህን ዘልሎ ስድስት ወር ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ገንዘብ የሚቆጥብ ዘዴ ነው። ቆረጣው የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንድ የታወቀ ቆራጭ ኤንዛይም የሚያውቀው ፊደል ያለበትን መሪ ምረጡ። አርትዖቱ ከተሳካ ያ ፊደል ይበላሻል፣ ኤንዛይሙም መቁረጥ ያቅተዋል። የዲኤንኤ ቁራጮችን በርዝመት በሚለየው ጄል ላይ ያልተቆረጠ መስመር ካያችሁ ተሳክቷል ማለት ነው። ለንባብ ወደ ውጭ የምትልኩት ይህን ያለፈውን ብቻ ይሆናል።

አሁን ብልቃጡ። ቲሹ ካልቸር ማለት የተክል ቁራጭ ምንም ጀርም በሌለበት ጄሊ ላይ ማብቀል ነው። ጄሊው ሙራሺጌና ስኩግ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ቀመር፣ ኤምኤስ በሚባለው፣ ይዘጋጃል። ለአንድ ሊትር 4.4 ግራም ገደማ የኤምኤስ ዱቄት፣ 30 ግራም ስኳር፣ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) 5.8 ላይ ታደርሱና ጄሊውን የሚያረጋ አጋር የሚባል ዱቄት ከ7 እስከ 8 ግራም። የሻይ ስኳር ይሠራል። ለሆፕ ብዙዎች በስኳር ፋንታ ግሉኮስ ይመርጣሉ። ቀንበጥ እንዲያበዛ ቢኤፒ የሚባል ሆርሞን በጥቂቱ፣ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም ባልበለጠ ጀምሩ፤ ሥር እንዲያወጣ ደግሞ አይቢኤ። ሆርሞን ሲበዛ ተክሉ ውኃ የጠጣ፣ ብርጭቆ የመሰለ ነገር ይሆናል፣ ከዚያ በቀላሉ አይመለስም።

ጄሊውን በኦቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ግፊት ጀርም በሚገድል ማሽን፣ 121 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ታበስላላችሁ። ኦቶክሌቭ ከሌለ ለልምምድ የቤት ፕሬሸር ኩከር ይሆናል፣ ግን ሀዋሳ ናችሁ። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 121 የሚሰጠው ያው ግፊት እዚህ 118 ገደማ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ደቂቃውን ወደ 30 ከፍ አድርጉት።

አንድ ጊዜ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ኦቶክሌቩ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ማሽኑ ሙቀቱን ይዞ ስለነበር «በቃ በስሏል» ብዬ አወጣሁት። ሰኞ ስገባ መደርደሪያው ሙሉ ጥጥ አብቅሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት ከጠፋ ከዜሮ ነው የምጀምረው፣ ዘጠና በመቶ ደርሶ ቢሆንም።

ቁራጩን ለማጽዳት፦ እምቡጥ ያለበትን የግንድ ቁራጭ በቧንቧ ውኃ እጠቡ፣ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውኃ ቀጥኖ፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ተጨምሮበት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። በመጨረሻ በበሰለ ንጹሕ ውኃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ። በረኪናው ፀሐይ ላይ የከረመ ከሆነ ኃይሉ ሞቷል፤ አዲስ ግዙ። ከዚያ 25 ዲግሪ ገደማ፣ በቀን 16 ሰዓት ብርሃን። ሰዓት ቆጣሪ ግዙለት፣ በእጅ አበራለሁ ማለት የትም አያደርስም።

ሆፑ በፈቃድ እስኪመጣ ድረስ በገሾ ተለማመዱ። ከጓሮ ይገኛል፣ ሻጋታን ማሸነፍ ያስተምራል። ገሾ ሆፕ ስላልሆነ የሆርሞኑ ልክ አይተላለፍም፤ የእጅ ንጽሕናው ግን ይተላለፋል። ያጠፋችሁት ገሾ ደግሞ ማንንም አያስለቅስም፣ ምናልባት አክስቴን።

መቀሱን ከመሳቢያ የምታወጡት ከግንድና ከቅጠል ቁራጭ አዲስ ቀንበጥ ደጋግማችሁ ማብቀል ስትችሉ ነው። እምቡጥ ከነበረበት ማለቴ አይደለም፤ እምቡጥ ከሌለበት ሥጋ። ከዚህ በፊት ክሪስፐር ማዘዝ ብር ማባከን ነው።

መቀሱን ሴል ውስጥ ለማስገባት ሁለት መንገድ አለ። የተለመደው አግሮባክቴሪየም ነው፤ በተፈጥሮው የራሱን ዲኤንኤ ተክል ውስጥ የሚከት ባክቴሪያ። ሆፕ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ቴትናንገር በሚባል ዝርያ ተሠርቷል። የግንዱን ቁራጭ ባክቴሪያው ውስጥ ትነክራላችሁ፣ ሁለት ቀን ያህል አብረው ይቆያሉ፣ ከዚያ ባክቴሪያውን በአንቲባዮቲክ ትገድሉና መቀሱን ያልተቀበሉት ሴሎች ካናማይሲን በሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ እንዲሞቱ ታደርጋላችሁ። የቀሩት ቀስ ብለው ያቆጠቁጣሉ። ወራት ይፈጃል፣ የሚሳካውም ጥቂት ነው።

ግን እዚህ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ፣ ሆፕን ከጤፍ የሚለየው። በዚህ መንገድ የመቀሱ ጂን ራሱ የተክሉ ክሮሞዞም ውስጥ ተሰፍቶ ይቀራል። ጤፍ ቢሆን ችግር የለም፤ ዘር ይይዛል፣ ከልጆቹ መካከል አርትዖቱን ይዞ መቀሱን ያልያዘውን ትመርጣላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው አጭሩ ጤፍ ላይ የተሠራው ሥራ ይህ ዕድል ነበረው። ሆፕን ግን ዘር ካስያዛችሁት ካስኬድ ያላችሁት ነገር ተበተነ። አርትዖት የመረጣችሁበት ምክንያት አብሮ ሄደ። መቀሱ ከውስጥ ይውጣ ብትሉ ዝርያው ይጠፋል፤ ዝርያው ይቆይ ብትሉ መቀሱ ይቆያል።

ለዚህ ነው ሁለተኛው መንገድ የሚያጓጓው። ጂኑን ሳይሆን የተዘጋጀውን የካስ9 ፕሮቲን ከመሪው ጋር አጣብቆ በቀጥታ ሴል ውስጥ መክተት። የቅጠሉን ሴሎች ግድግዳ በኤንዛይም ታቀልጣላችሁ፣ ራቁታቸውን ይቀራሉ፣ ፒኢጂ በሚባል ኬሚካል አማካይነት ፕሮቲኑ ይገባል፣ ቆርጦ በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈርሳል። ባዕድ ዲኤንኤ አይቀርም። ወይንና ፖም ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሞከረ ነገር ነው። ችግሩ ያው የጀመርንበት ነው፦ ከአንድ ራቁት ሴል ሙሉ ሆፕ ማውጣት። ሴሉ ግድግዳውን መልሶ መሥራት፣ መከፈል፣ ማቆጥቆጥ፣ ሥር ማውጣት አለበት፤ በየደረጃው ብዙው ይሞታል።

መሐል ያለ አማራጭም አለ። አግሮባክቴሪየሙን ተጠቀሙ፣ ግን በካናማይሲን አትምረጡ። ባክቴሪያው ያመጣው ዲኤንኤ ክሮሞዞም ውስጥ ሳይሰፋ ለጥቂት ቀን ብቻ ሊሠራ ይችላል። ያኔ የበቀለውን ቀንበጥ ሁሉ አንድ በአንድ መመርመር ይጠበቅባችኋል፣ በመቶ የሚቆጠር። አሰልቺ ነው። ቅድም ያልኳችሁ የቆራጭ ኤንዛይም ዘዴ የሚጠቅመው እዚህ ነው። እኔ ብሆን በዚህ ነው የምሄደው።

ምርመራው ላይ የሚያታልል ነገር አለ። አንድ ቀንበጥ ግማሹ የተስተካከለ፣ ግማሹ ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ ነጭና አረንጓዴ የተቀላቀለ ቅጠል ካያችሁ ይህ ነው። ከአንድ ቅጠል ብቻ ናሙና ወስዳችሁ «ተሳካ» አትበሉ። ከላይም ከታችም ውሰዱ፣ ቀንበጡን ቆርጣችሁ መልሳችሁ አብቅሉት፣ ደግማችሁ መርምሩ። ሁለቱም ቅጂ መሰበሩን፣ መሪው የሚመስላቸው ሌሎች ቦታዎች አለመነካታቸውን፣ መቀሱም አለመቅረቱን አረጋግጡ።

ወደ አፈር ሲወጣ ቀስ በሉ። ብልቃጥ ውስጥ ያደገ ተክል ከላብ እንጂ ከንፋስ ጋር አይተዋወቅም። በላስቲክ ሸፍናችሁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ግለጡለት፣ ሁለት ሳምንት ያህል። ሁሉም ነገር በተፈቀደውና በተዘጋው ግሪን ሃውስ ውስጥ ይሁን። ኮን ማየት ከፈለጋችሁ ማታ ማታ መብራት አብርታችሁ ቀኑን ከ16 ሰዓት በላይ አድርጉለት፣ በገመዱ ወደ ላይ ሲወጣ ጠብቁ፣ ሲበቃው መብራቱን አጥፉ። ያብባል።

ያ ተማሪ ትናንት ፎቶ ላከልኝ። ከአክስቴ ጓሮ በወሰደው ገሾ 20 ብልቃጥ ሞልቶ ነበር። 13ቱ ሻግተዋል። ሰባቱ ንጹሕ ናቸው፣ ሁለቱ እምቡጣቸውን መፍታት ጀምረዋል። በረኪናውን ሁለት ደቂቃ ጨምርበት አልኩት፣ ሰባቱንም ሳትከፍት ሌላ ሳምንት ጠብቅ።